ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በሚገኘው ጓሯችን የታየው እባብ ምን ዓይነት ነው?

ጥያቄ (ከቀወት ወረዳ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምንኖረው ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ ሲሆን፣ ከማእድ ቤታችን ጀርባ የማሽላ አገዳ ክምር፣ ከክምሩም ቀጥሎ የቆየ የድንጋይ ካብ አለ። ሰሞኑን ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መምሸት ሲጀምር አገዳ ላመጣ ብወጣ አንድ እባብ ከክምሩ ሥር ወጥቶ ፈጥኖ ካቡ ውስጥ ገባ። ርዝመቱ ቢበዛ ሁለት ክንድ ነው፤ ውፍረቱም ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም። መልኩ ወጥ ቡናማና የሚያብረቀርቅ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ሲሆን፣ በራሱ ግራና ቀኝ ፈዘዝ ያለ መስመር ያየሁ ይመስለኛል። አልጮኸም፣ አንገቱንም ቀና አላደረገም። ባለቤቴ በስልኩ ያነሣው ፎቶ ጅራቱን ብቻ ስላስቀረ የሚጠቅም አልመሰለኝም። ጎረቤቶቻችን «እፉኝት ነውና ካቡ ፈርሶ ይገደል» ይላሉ፤ አማቴ ደግሞ «ይህ አይጥ እንጂ ሰው አይነካም፣ ተዉት» ይሉናል። ዳዴ የሚል ልጅ ስላለን የማንን ምክር እንደምንይዝ ቸግሮናል። የምታውቁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከአጣዬ)፦

እህቴ፣ በእኛ አገር ቡናማ እባብ ከታየ እፉኝት ነው ብሎ መጠንቀቅ ይሻላል። ሕፃን ባለበት ቤት ይሄ ነው ያ ነው እየተባለ ጊዜ አይጠፋምና ጎረቤቶቻችሁን አስተባብራችሁ ካቡን አፍርሱት።

መልስ (የሥነ ሕይወት መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)፦

ወንድሜ ለሕፃኑ መሥጋታቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጠያቂዋ የገለጹት እባብ ከእፉኝት ጋር የሚገናኝበት ነገር ጥቂት ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ቢቲስ አሪየታንስ የሚባለው እፉኝት ወፍራምና አጭር ጅራት ያለው ሲሆን፣ ጀርባው ላይ ጫፋቸው ወደ ጅራቱ የሚያመለክት የቀስት ቅርጽ ያላቸው ምልክቶች ተደርድረው ይታያሉ። ጠባዩም የተለየ ነው፤ መልኩ ከአፈርና ከደረቅ ሣር ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ሲቀርበው ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ይተኛል፤ ሲጨነቅም ሰውነቱን ነፍቶ ጮክ ብሎ እፍ ይላል። ብዙ ሰው የሚነደፈው ሳያየው ስለሚረግጠው ነው። የእርስዎ እባብ ቀጭን፣ ወጥ ቀለም ያለውና ፈጥኖ የሸሸ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በቆላማው አካባቢ አትራክታስፒስ የሚባል፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት ሥር የሚያሳልፍ መርዛማ እባብ አለ። ቀጭን፣ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማና የሚያብረቀርቅ በመሆኑ ምንም የማያደርግ ይመስላል፤ ከዝናብ በኋላ በምሽት ወደ ላይ የመውጣት ልማድም አለው። የመርዝ ጥርሱን አፉን ሳይከፍት ወደ ጎን ማውጣት ስለሚችል፣ ከጭንቅላቱ ኋላ አንቆ የያዘውን ሰው እንኳ ይነድፋል። ስለዚህ «ቀጭንና የሚያብረቀርቅ ነው» የሚለው ብቻውን ለመዝናናት አይበቃም።

አትራክታስፒስን መርዝ ከሌለው የቤት አካባቢ እባብ የሚለየው በራሱ ግራና ቀኝ አየሁት ያሉት መስመር ነው። ቦኤዶን በሚባለውና በቤት አካባቢ አይጥ እያደነ በሚኖረው መርዝ አልባ እባብ ራስ ላይ፣ በየጎኑ አንዱ ከዓይን በላይ ሌላው ከዓይን በታች የሚያልፉ ሁለት ፈዛዛ መስመሮች አሉ። አትራክታስፒስ እነዚህ መስመሮች የሉትም። በተጨማሪም የማይጠቅም ያሉት ፎቶ እጅግ ይጠቅማል፤ የአትራክታስፒስ ጅራት አጭርና ድንገት የሚያልቅ፣ ጫፉም እንደ እሾህ የሾለ ሲሆን፣ የቦኤዶን ጅራት ግን ረዘም ብሎ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄዳል። እባክዎ ፎቶውን አጉልተው ይመልከቱና ይንገሩን። ካቡን ሳይነኩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በረጅም እንጨት የክምሩን ዳር ገለጥ ገለጥ ቢያደርጉ ደግሞ የጣለው ቆዳ ሊገኝ ይችላል። ቆዳው ሲወልቅ ስለሚለጠጥ ከእባቡ ይረዝማልና በርዝመቱ አይደንግጡ። የሚፈለገው የእያንዳንዱ ቅርፊት ገጽና የዓይኑ መጠን ነው፦ የእፉኝት ቅርፊት በመካከሉ ከፍ ያለ መስመር ስላለው ሻካራ ነው፤ የቦኤዶን ግን ልሙጥ ነው፤ የአትራክታስፒስም ልሙጥ ሲሆን ዓይኑ ነጥብ ያህል ትንሽ ናት።

በነገራችን ላይ «ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ ነው፣ የዓይኑ ብሌን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከሆነ መርዛማ ነው» የሚባሉት ምልክቶች አያስተማምኑም። መርዝ የሌለው ቦኤዶን ብሌኑ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው፤ ኮብራ ደግሞ መርዛማ ሆኖ ብሌኑ ክብ ነው። ዳሲፔልቲስ የተባለው፣ የወፍ እንቁላል ብቻ የሚበላው እባብማ ጭንቅላቱን አስፍቶ፣ ሻካራ ቅርፊቱን እርስ በርሱ እያፋተገ እፉኝት መስሎ ስለሚያስፈራራ በከንቱ ይገደላል።

ከፍታም ልብ ይባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት የሚታዩት እባቦች ሁሉ እዚህ አይገኙም። በደጋው ላይ የሚታየው ባለ መስመር እባብ ብዙውን ጊዜ ሱዶቦዶን ከተባለውና በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ከሚገኘው ወገን ሲሆን፣ ሰውን የሚጎዳ መርዝ የለውም።

መልስ (ነርስ፣ ከደብረ ሲና)፦

እባቡ የትኛውም ይሁን፣ ቤተሰቡ ማወቅ ያለበትን ልጨምር። ከአጣዬ የጻፉት ወንድሜ አይቀየሙኝና፣ ካብ አፍርሶ እባብ ለመግደል መሞከር ራሱ የሰው እጅና እግር ወደ እባቡ የሚያቀርብ ሥራ ነው። የተቆረጠ የእባብ ራስ እንኳ ለጊዜው መንደፍ ይችላል።

ሰው ከተነደፈ በመጀመሪያ ከእባቡ ይራቅ፤ ከዚያም ተረጋግቶ ይቀመጥ ወይም ይተኛ። እብጠቱ ሳይጀምር ቀለበት፣ አምባር፣ አልቦና ጠባብ ጫማ ይውለቁ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደተሰበረ ሰው በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። ታካሚው በእግሩ መሄድ የለበትም፤ በቃሬዛ ወይም በተሽከርካሪ ይወሰድ። በገመድ ወይም በመቀነት አጥብቆ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ መርዝ ይስባል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ መለጠፍና የሚያስታውክ ቅጠል ማጠጣት ጉዳቱን ያባብሳሉ፤ ወይም የሕክምናውን ጊዜ ይበላሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይቻላል፤ የእፉኝት መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አይሰጡ። የተነደፈበት ሰዓት ይጻፍ፤ የእብጠቱም ዳርቻ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት፤ ይህ ለሐኪሙ ከወሬ ሁሉ ይበልጣል። መርዝ የሚተፋ ኮብራ ዓይን ውስጥ ከረጨ ደግሞ በብዙ ንጹሕ ውኃ ወዲያው ይታጠብ።

ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ የሚሠራ ምርመራ አለ። ከታካሚው የተቀዳ ጥቂት ደም በንጹሕና በደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ቆይቶ ሲዘነበል ካልረጋ፣ መርዙ በደሙ ላይ እየሠራ መሆኑን ያመለክታል። ፀረ መርዙ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ፣ የትኛው ሆስፒታል እንዳለው አሁኑኑ፣ ማንም ሳይነደፍ ጠይቃችሁ ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

የጠያቂዋ ምላሽ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፎቶውን አጉልተን ስናየው ጅራቱ ረጅምና እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ እሾህ የሚመስል ነገር የለውም። በማግሥቱ ባለቤቴ በካቡ ሥር የጣለውን ቆዳ አገኘ። ቅርፊቱ ልሙጥ ነው፣ የዓይኑም ሽፋን ጎላ ብሎ ይታያል፤ ወደ ብርሃን ሲያዝ በራሱ ጎን ሁለቱ መስመሮች በጭላንጭል ይለያሉ። አሁን የምንጠይቀው፣ ይኑር ብንለውም ልጁ ከሚድህበት እንዴት እንደምናርቀው ነው። ሰዎች ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በየቀዳዳው በትኑ ብለውናል።

መልስ (የሥነ ሕይወት መምህሩ)፦

እንግዲያው ቦኤዶን ነው፤ አማትዎ ትክክል ናቸው። ምርኮውን የሚገድለው በመርዝ ሳይሆን ተጠምጥሞ በማፈን ነው፤ ቢነክስ እንኳ ጥቃቅን ጥርሶቹ የሚያደርሱት ጭረት በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ሆኖም ይህ የዚህኛው እባብ ፍርድ ነው፤ በዚያው ካብ ነገ ሌላ ሊገባ ይችላልና ጥንቃቄው አይቅር። ፌጦውንና ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥ ያውሉት፤ እባብን እንደሚያባርሩ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ናፍጣ ማፍሰስም ከአገዳው ጋር እሳት መጋበዝ ነው።

መልስ (የቤት እመቤት፣ ከምንጃር)፦

እኛ አገዳውንም ኩበቱንም ከቤት አርቀን፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ እንከምራለን። ኩበት ሲነሣ አስቀድሞ በእንጨት ይገለበጣል፤ እጅ ሰዶ ማንሣት የለም። ጎታው ሥር የፈሰሰ እህል በየማታው ካልተጠረገ አይጡ ይመጣል፤ አይጡ ካለ እባቡ አይቀርም። የዶሮ እንቁላልም ቆጡ ላይ አይደር። ለልጁ ደግሞ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር አጥብቀሽ ጠቅጥቂለት፤ ከወባም ከእባብም ይከላከላል። በማታ ለሽንት የሚወጣ ሰው ባትሪ ይዞ፣ ጫማ አጥልቆ ይውጣ። በማእድ ቤቱና በካቡ መካከል ያለውን ሣር አጭዳችሁ መሬቱን ባዶ ብታደርጉት፣ እባቡ ከካቡ ሲወጣ ከሩቅ ይታያችኋል።