«ገና በነሐሴ»፦ ጆንግዎን ሕመሙን ለዳሪም ለምን ደበቀ?

ጠያቂ፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ዝናቡና ጉሙ ከቤት አላስወጣን ቢል፣ ከእህቴ ጋር ኮሪያዊው ዳይሬክተር ሁር ጂንሆ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበውንና በዚያው ዓመት በኮሪያ የብሉ ድራገን ሽልማት ምርጥ ፊልም የተባለውን «ገና በነሐሴ» ተመለከትን። ጆንግዎን ፎቶ ቤት ያለው፣ ብዙ እንደማይቆይ የሚያውቅ ሰው ነው። ዳሪም ደግሞ ያለቦታቸው የቆሙ መኪኖችን ፎቶ እያነሣች የምታስቀጣ ወጣት ስትሆን፣ የሚቀራረቡት ፊልሟን ለማሳጠብ ስትመላለስ ነው። ሰውየው ሆስፒታል ሲገባ የት እንደሄደ የነገራት የለም፤ በር ላይ ቆማ ቆማ፣ በመጨረሻ የፎቶ ቤቱን መስኮት በድንጋይ ሰበረችው። እህቴ «ጨካኝ ነው» ትላለች፤ እኔ ግን ያዘነላት ይመስለኛል። እናንተ እንዴት አያችሁት?

መላሽ፣ ከኮምቦልቻ
ውድ ጠያቂ፣ እኔ ከእህትዎ ጋር ነኝ። በእኛ ዘንድ ክፉውን ነገር ከበሽተኛው ደብቆ ለቤተሰብ መንገር የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን በሽተኛው ራሱ አውቆ ለሌላ ሰው ይደብቃል። ሞትም ቢሆን መርዶ አለው፤ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ሰውዬው ወገኑ በተሰበሰበበት ይሰማል፣ ያለቅሳል። ለዳሪም መርዶ ያረዳት የለም። በመጨረሻው ትዕይንት በበረዶ መጥታ የራሷን ፎቶ በፎቶ ቤቱ መስኮት ተሰቅሎ ስታይ ፈገግ ትላለች፤ እኛ ተመልካቾቹ መሞቱን እናውቃለን፣ እርሷ ግን የምታውቅ አትመስልም። ደብዳቤ ጽፎላትም ሳይልከው ከፎቶዎቹ ጋር በሣጥን አስቀምጦታል። ይህን ርኅራኄ ለማለት ይከብደኛል።

መላሽ፣ ከሐይቅ
ለብዙ ዓመታት በፎቶ ቤት ሠርቻለሁና ፊልሙን የማየው በሌላ ዓይን ነው። አንዲት አሮጊት ከቤተሰባቸው ጋር ፎቶ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ፣ ብቻቸውን ባህላዊ ልብሳቸውን ለብሰው ተመልሰው፣ ለቀብራቸው የሚሆን ስለሆነ አሳምሮ እንዲያነሣቸው የሚለምኑበትን ትዕይንት ልብ ብላችሁታል? እኔ ጋ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ሟቹ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተነቀለች፣ ማኅተም ያረፈባት ጉርድ ፎቶ ይዘው «ይቺን አጉላልን» ይሉኛል፤ ዓይኑ ደብዝዞ፣ ግማሽ ፊቱ በማኅተም ተሸፍኖ ምን ይጎላል! ጆንግዎን ይህን ስለሚያውቅ የራሱን ፎቶ ራሱ ያነሣል፤ ያም ፎቶ የቀብሩ ፎቶ ይሆናል። ዳይሬክተሩ ፊልሙን ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1996 የሞተው ዘፋኝ ኪም ክዋንግሶክ በቀብሩ ፎቶ ላይ ፈገግ ብሎ ካየው በኋላ እንደሆነ ይነገራል። ጆንግዎን ለአባቱ የቪዲዮ ማጫወቻውን አጠቃቀም ሲያስተምርና አልገባ ሲላቸው ተናድዶ ጥሎ ሲወጣ፣ በኋላም የፎቶ ማጠቢያ ማሽኑን አሠራር ቁጥር እየሰጠ በወረቀት ሲጽፍላቸው፣ የሚችለውን ሁሉ እያስረከበ ነው። ለዳሪም ያስረከባት ያቺን የመስኮት ፎቶ ነው። እርሷን ለማስታመም መጥራት ግን በትውውቃቸው ልክ የሚጠየቅ ነገር አይመስለኝም፤ ገና «አጆሺ» እያለች ነበር የምትጠራው፤ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

መላሽ፣ ከወልዲያ
በአንድ ነገር ላይ ልጨምር። ኮሪያውያን «ሜሎ» የሚሉት በአጭሩ የፍቅር ፊልምን ነው፤ እንባ የሚያራጭ መሆን ግድ አይደለም። በዚህ ፊልም ውስጥ ልቅሶው እንኳ በብርድ ልብስ ሥር ነው። የበለጠ ያስገረመኝ ግን የመዝጊያው ድምፅ ነው፤ ሰውየው ፍቅርም እንደ ፎቶ ትዝታ ሆኖ እንደሚቀር ቢያውቅም፣ ዳሪም ብቻ ትዝታ እንዳልሆነችበት ይናገራል። በትዝታ ቅኝት ላደገ ጆሮ ይህ እንግዳ ነው፤ እኛ ዘንድ የሄደ ሰው የሚኖረው በትዝታ ነውና፣ እርሱ ግን እንደ ምስጋና የሚቆጥረው ትዝታ አለመሆኗን ነው።

ጠያቂ፣ ከደሴ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመርዶውን ነገር ለእህቴ ሳነብላት «አላልኩህም!» አለች፤ የጉርድ ፎቶውን ስትሰማ ግን ዝም ብላ ተነሥታ የእናታችንን ፎቶዎች ከሣጥን ማውጣት ጀመረች።