«ቤኔፊት» እና «ሼር» በዘዋሪ ተዋንያን ቋንቋ

ጥያቄ፦
ሰላም ለቤቱ። አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን ከከተማ ከተማ ይዞሩ ስለነበሩ ተዋንያን የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ቤኔፊት» የሚባል ምሽት ደጋግሞ ይመጣል። «የእርዳታ ምሽት» ልበለው? «ሼር»ስ አክሲዮን ነው ወይስ ድርሻ?

መልስ፦
«እርዳታ» አትበለው ወንድሜ። አንባቢው ለታመመ ሰው ገንዘብ የሚዋጣ ይመስለዋል። ይሄ የላብ ዋጋ ነው።

ከ«ሼር» ልጀምር። ልዊስ ሃላም የሚመራው የተዋንያን ቡድን ከለንደን ተነስቶ ቨርጂኒያ የገባው በ1752 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት መስከረም 15 ዊልያምስበርግ ላይ የሼክስፒርን «የቬኒሱ ነጋዴ» አሳዩ። ተዋንያኑ ቁርጥ ደመወዝ የላቸውም። ገቢው 18 ቦታ ይከፈላል። ሃላምን ጨምሮ 12ቱ አዋቂ ተዋንያን አንድ አንድ ይወስዳሉ። ሃላም ለኃላፊነቱ አንድ ይጨመርለታል። ለሦስት ልጆቹ በጋራ አንድ። የቀረው 4 ለአልባሳቱና ለመድረኩ ዕቃ ወጪ ላደረገው ወገን ነው። ስለዚህ «ድርሻ» በለው። «አክሲዮን» ካልክ ባንክ ባንክ ይሸታል።

ድርሻ ደግሞ ቤቱ ካልሞላ ባዶ ነው። «ቤኔፊት» የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ ከተማውን ሊለቅ ሲቃረብ ለአንድ ተዋናይ አንድ ምሽት ይሰጠዋል። የሻማው፣ የኪራዩ፣ የበር ጠባቂው ወጪ ይቀነሳል፤ የተረፈው የእሱ ነው። ትኬቱን ራሱ ካረፈበት ቤት ይሸጣል፤ በየሰው ደጅ እየዞረም ይለምናል። መድረክ ላይ ንጉሥ የነበረ ሰው ማለት ነው! እኔ ብሆን «የእከሌ የገቢ ምሽት» እለዋለሁ።

ሌላ አባል፦
በመልሱ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ሞራል ዳያሎግ» የሚል ሐረግ ካጋጠመህ ተጠንቀቅ። ሃላም ጃማይካ ውስጥ ከሞተ በኋላ ባለቤቱን ያገባው ዴቪድ ዳግላስ ቡድኑን ይመራ ነበር። በ1761 ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ሄዱ። አካባቢው ቲያትርን እንደ ኃጢአት ያይ ነበር፤ ጎረቤቷ ማሳቹሴትስ በ1750 በሕግ ከልክላዋለች። ዳግላስ ታዲያ «ኦቴሎ» የተባለውን የሼክስፒር ድራማ «ሞራል ዳያሎግ»፣ ማለትም በአምስት ክፍል የቀረበ የቅናትን ክፋት የሚያስተምር ንግግር ነው ብሎ አስተዋወቀ። ዘዴው ብዙ አልቆየም፤ በቀጣዩ ዓመት ሮድ አይላንድም ከለከለች።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። «የግብረ ገብ ጭውውት» ብዬው ነበር።

ሌላ አባል፦
«ጭውውት»ን ተወው። በእኛ ጆሮ አጭር ድራማ ነው። ዳግላስ የደበቀውን አንተ ታወጣበታለህ። «የግብረ ገብ ምልልስ» ይሻላል።