«ሐሰን» ብዬ ስፈልግ «ሀሰን»ንም የሚያመጣልኝ ፕሮግራም የትኛው ነው?

ጸሐፊዋ (ደሴ)
ደሴ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻና ክስ እጽፋለሁ። የ12 ዓመት ሥራዬ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የፋይሎቹ ስም ግን «አቤቱታ 1»፣ «አቤቱታ አዲስ» የሚል ነው። ሰኞ ገበያ የዋለ ባለጉዳይ «ያኔ የጻፍሽልኝን አውጪልኝ» እያለ ይመጣል። ባለፈው ሰኞ አንዲት እናት ከኩታበር መጥተው የባለቤታቸውን የውርስ ማመልከቻ ጠየቁኝ። «ሐሰን» ብዬ ብፈልግ የለም። እርሳቸው አግዳሚው ላይ፣ እኔ ፋይል በፋይል ስከፍት መሸ። ለካ ያኔ «ሀሰን» ብዬ ነበር የጻፍኩት። መኪና አምልጧቸው ደሴ አደሩ፤ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ኢንተርኔት የማይፈልግ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለሙያው (ኮምቦልቻ)
ለፍጥነት ከሆነ ሪፕግሬፕ የሚባለውን የፍለጋ ፕሮግራም የሚያህል አላየሁም፤ አማርኛንም በደንብ ያነባል። ነገር ግን ተራ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያየው። የወርድ ፋይል ውስጡ ታሽጎ የተቀመጠ ስለሆነ አልፎት ይሄዳል። ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠትም ይጠይቃል።

መምህሩ (ደሴ)
እህቴ፣ ለአንቺ የሚሆነው ኤጀንት ራንሳክ ነው። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስ ይሠራል፤ የወርድ ፋይልም ከፍቶ ይፈልጋል። «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚለውን መርጠሽ እንዲህ ጻፊ፦ [ሀሃሐሓኀኃ][ሰሠ]ን። በቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱ ከተገኘ ይበቃዋል። ወሎ ውስጥ ስም ለሚጽፍ ሰው ይህ ቅንፍ ከፍጥነት ይበልጣል፤ ሰይድም ሠይድም፣ መሀመድም መሐመድም አለና።

ጸሐፊዋ (ደሴ)
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ትናንት ማታ ሞከርኩት። መጀመሪያ ቅንፉን ረስቼ ነበር፤ ቅንፉን ስጨምር የእኒያን እናት ማመልከቻ ጨምሮ 41 ፋይል አወጣልኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ የተዉልኝ ፋይሎች ውስጥ ግን አንድም አላገኘም። ስከፍታቸው አማርኛው ይነበባል።

ባለሙያው (ኮምቦልቻ)
በድሮ ፎንት የተተየቡ ይሆናሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የድሮዎቹ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ለዓይንሽ «ሐ» ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ምልክት። አንዱን ዓረፍተ ነገር ቀድተሽ ኖትፓድ ላይ ለጥፊው፤ የተዘበራረቀ ላቲን ከሆነ እርሱ ነው። ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየሩ በአማርኛ ፊደል ብትፈልጊ አይገኙም። ከመቀየርሽ በፊት ግን ቅጂ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ።

ጸሐፊዋ (ደሴ)
ለጠፍኩት፤ እውነትም ላቲን ነው። ቅጂውን ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ፤ በውርስ ጉዳዮቹ እጀምራለሁ።