የማስተርስ ቴሲሴን ወደ ጆርናል ልልክ ነው፣ ከየት ልጀምር?

የጥጃ እናት፦
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ማስተርሴን ከጨረስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጥናቴ የወተት ላሞች ማስታይቲስ (የጡት በሽታ) ላይ ነው። 384 ላም በሲኤምቲ (ወተቱን ከፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ የሚያይ ፈጣን ምርመራ) መርምሬ፣ ከተገኘባቸው ወተት ወስጄ ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ አሳድጌያለሁ። ቴሲሱ 78 ገጽ ነው። አሁን ለጆርናል ላዘጋጀው ስቀመጥ የቱን ቆርጬ የቱን እንደማስቀር ጠፋኝ። አማካሪዬ «አሳጥረሽ ላኪልኝ» ብለው ብቻ ነው የመለሱልኝ። ሁለቴ ሞከርኩ፣ አንዱ 31 ገጽ ሆነ፣ ሌላው ደግሞ ምን እንደሠራሁ እንኳን የማይገባ ሆነ።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ ኢሜይሉ ነው። በየቀኑ «ውድ ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎን ይላኩልን፣ በአምስት ቀን እናወጣልዎታለን» የሚል ይመጣል። አንዲት ጓደኛዬ እንደዚህ ዓይነቱ ጋ ከፍላ አሳተመች፤ ለደረጃ ዕድገት ስታመለክት ግን አልቆጠሩላትም። ገንዘቡም ሥራዋም ባከነ። እኔም እንዳይደርስብኝ ነው የምፈራው። የት ልላክ? እንዴትስ ላሳጥረው?

በረት፦
እንኳን ደስ አለሽ ዶክተር፣ ቴሲስ መጨረስ ቀላል አይደለም። እኔ ሦስት አሳትሜያለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ አንቺ ያለሽበት ቦታ ነበርኩ።

ቴሲሱን ከመጀመሪያው ገጽ እየቆረጥሽ አትሂጂ። ዝጊው። ባዶ ገጽ ክፈቺና ሠንጠረዦችሽን ብቻ አምጫቸው። ስንት ናቸው? አሥራ አምስት ከሆኑ አራቱን ምረጪ። የምትመርጪው አንድ ጥያቄ ይዘሽ ነው፤ ለምሳሌ «ድብቁ (ምልክቱ በዓይን የማይታየው) ማስታይቲስ በየትኞቹ ላሞች ይበዛል፣ ያመጣውስ የትኛው ባክቴሪያ ነው?» ለዚህ መልስ የማይሰጥ ሠንጠረዥ ይውጣ፣ ምንም ያህል ብትለፊበትም። ከዚያ ሪዘልቱን በሠንጠረዦቹ ዙሪያ ጻፊ፣ ቀጥሎ ሜተዱን፣ ቀጥሎ ዲስከሽኑን፣ መግቢያውን መጨረሻ ላይ። መግቢያ ሦስት ወይ አራት አንቀጽ ይበቃዋል። የኢትዮጵያ የቀንድ ከብት ብዛት በአፍሪካ አንደኛ መሆኑን ሁላችንም እየጻፍን ነው የምንጀምረው፣ ኤዲተሩም ያውቀዋል። ቀጥታ ወደ ጡቱ ግቢ።

አርእስቱንም እይው። «የማስታይቲስ ስርጭትና አጋላጭ ምክንያቶች በእገሌ ከተማና አካባቢዋ» ከሆነ፣ እንደሱ ያለ በመቶዎች የሚቆጠር አለ። ያንቺን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? እሱን ወደ አርእስቱ አውጪው።

ቁጥር ይናገር፦
ሰላም እህቴ። 384ን ሳይ ነው የገባሁት። የሚጠበቀው ስርጭት 50 በመቶ፣ የስህተት ልክ 5 በመቶ ተብሎ ከናሙና መጠን ቀመሩ የሚወጣው ቁጥር ነው፣ ሁላችንም እሱን ነው የምንጠቀመው። ችግሩ ቀመሩ ላሞቹ አንድ በአንድ በዕጣ ተመርጠዋል ብሎ ነው የሚያስበው። አንቺ ግን ወደ ሰው ቤት ገብተሽ በረቱ ውስጥ ያሉትን ነው የመረመርሽው አይደል? የአንድ በረት ላሞች ይመሳሰላሉ። የምታልባቸው አንድ እጅ ናት፣ የሚተኙት አንድ ወለል ላይ ነው፣ ጡታቸው የሚጠረገው በአንድ ጨርቅ ነው። ስለዚህ 384 ላም የ384 ያህል መረጃ አይሰጥም። በየበረቱ በአማካይ 4 ላም ቢኖርና መመሳሰሉ (ከ0 እስከ 1 ሲለካ) 0.2 ቢሆን 1.6 እጥፍ፣ ማለትም 614 ገደማ ላም ነበር የሚያስፈልገው።

አሁን ተመልሰሽ ላም መጨመር አትችዪም፣ ግን ትንተናውን ማስተካከል ትችያለሽ። ካይ-ስኩዌር የሚባለውን ቀላል ፈተና ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። በረቱን እንደ ራንደም ኢፌክት ያስገባ፣ ማለትም የአንድ በረት ላሞችን መመሳሰል የሚቆጥር ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሥሪ፣ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ በነፃ ይሠራል። ስርጭቱን ስትጽፊም መተማመኛ ወሰኑን (እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለውን ክልል) አብረሽ ስጪ። «42.7 በመቶ» ብሎ ማቆም አይበቃም። ከ384 ላሞች 164 ቢገኝባቸው ወሰኑ ከ37.8 እስከ 47.7 ነው፣ የበረቱን መመሳሰል ስታስገቢ ደግሞ ይሰፋል።

ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምር። ሶፍትዌሩ ፒ-ቫልዩ (ልዩነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት የሚገኝበት ዕድል) 0.000 ብሎ ሲሰጥሽ እንዳለ አትገልብጪው፣ ከ0.001 በታች ብለሽ ጻፊ። ኦድስ ሬሾን (የተያዙት ላልተያዙት ያላቸው ጥምርታ በሁለት ቡድን ሲነጻጸር) ደግሞ «ይህን ያህል እጥፍ የመያዝ ዕድል» ብለሽ አትተርጉሚ። ካረጁት ላሞች 42 በመቶው፣ ከወጣቶቹ 20 በመቶው ቢያዙ እጥፉ 2.1 ነው፣ ኦድስ ሬሾው ግን 2.9 ይላል። በሽታው በበዛ ቁጥር ሁለቱ እየተራራቁ ነው የሚሄዱት።

ገምጋሚ ነኝ፦
እኔ ለጆርናሎች እገመግማለሁ፣ ከኛ አገር የሚመጡ ጽሑፎችም ይደርሱኛል፤ ሲወድቁ በጣም ነው የሚከፋኝ፣ ምክንያቱም የመስክ ሥራው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን አረጋግጪ። የመስክ ፎርማችን በኛ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። «ከኅዳር እስከ ሚያዝያ 2015» የሚለውን ወሩን ብቻ ተርጉሞ 2015ን እንዳለ የተወ ጽሑፍ ደርሶኛል። ሌላው ገምጋሚ መረጃው ለምን ይህን ያህል ዓመት ተቀመጠ፣ አርጅቷል ብሎ ጻፈበት። በፈረንጆቹ ከኅዳር 2022 እስከ ግንቦት 2023 መጀመሪያ መሆን ነበረበት።

ቀጥሎ ጡቶቹን ቁጠሪ። 384 ላም 1,536 የጡት ክፍል አላቸው፣ ግን የደረቀ ጡት ያላት ላም አለች፣ ከሷ ወተት አልወሰድሽም። አንዱ ሠንጠረዥ 1,536 እያለ ሌላው አንሶ ከተገኘ፣ ልዩነቱንም አንድ ዓረፍተ ነገር ካላስረዳው፣ እኔ ቀሪውን ቁጥር ሁሉ መጠርጠር እጀምራለሁ። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን።

የመድኃኒት መቋቋም ሠርተሽ ከሆነ የየትኛውን ዓመት የሲኤልኤስአይ (የላብራቶሪ መለኪያ የሚያወጣ ተቋም) መለኪያ እንደተጠቀምሽ ጻፊ። ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የሚባለውን ባክቴሪያ በምን እንደለየሽው ይታይ፣ ማኒቶል ሶልት አጋር (ባክቴሪያ ማሳደጊያው) ላይ ቢጫ ሆነ ብቻ አይበቃም፣ የኮአጉሌዝ ምርመራው የት አለ? የባክቴሪያ ስም ሁልጊዜ በተጋደመ ፊደል ነው። በመጨረሻም ስትሮብ-ቬት የሚባለውን 22 ነጥብ ያለውን ዝርዝር አውርደሽ ጽሑፍሽን በእሱ ፈትሺው። እንዳንቺ ላሉ የመስክ ጥናቶች የወጣ ነው።

የሥነ ምግባር ፈቃድሽስ? ቁጥሩና ቀኑ መስክ ከመውጣትሽ በፊት መሆን አለበት።

የጥጃ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ፈቃዱ አለኝ፣ ከመስክ ሦስት ሳምንት በፊት የተሰጠ ነው። ከባለቤቶቹ ግን ፊርማ አልተቀበልኩም፣ በቃል ነው የጠየቅኳቸው፣ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፣ ወረቀት ሲያዩ ይሸሹ ነበር። ይህ ይጥለኛል?

ገምጋሚ ነኝ፦
አይጥልሽም፣ እንደሆነው ከጻፍሽው። «ዓላማው በአማርኛ ተነግሯቸው በቃል ተስማምተዋል» በዪ፣ ለምን በቃል እንደሆነም አንድ መስመር። ኮሚቴው በቃል መሆኑን አውቆ ፈቅዶ ከሆነ እሱንም ጨምሪ። ያልነበረ ፊርማ ነበረ ብለሽ ብቻ እንዳትጽፊ።

ዳገት፦
የት ልላክ ላልሽው። አገር ውስጥ የኢትዮጵያ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የሚያወጣው የኢትዮጵያ ቬተርናሪ ጆርናል አለ፣ በአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን ላይ ይገኛል። ውጭ ከፈለግሽ ትሮፒካል አኒማል ኸልዝ ኤንድ ፕሮዳክሽን እንደኛ አገር ያለ ሥራ ይወስዳል፣ ኦፕን አክሰስ (ማንም በነፃ የሚያነበው) ካልመረጥሽ አያስከፍልም። ቢኤምሲ ቬተርናሪ ሪሰርች ሙሉ በሙሉ ኦፕን አክሰስ ስለሆነ ዋጋው ከባድ ነው፣ ግን ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚላክ ነፃ የሚያደርጉበት አሠራር አላቸው። የሚጠየቀው ስትልኪ ነው፣ ከተቀበሉሽ በኋላ አይደለም። ስለ ጽሑፉ መልስ የሚቀበለው ደራሲ እዚህ አገር የሚሠራ ይሁን፣ ውጭ ያለ ተባባሪ ስም ከገባበት በነፃ ማውጣቱ ሊቀር ይችላል።

«ውድ ፕሮፌሰር» የሚሉሽን ሰርዢያቸው። ለደረጃ ዕድገት የሚቆጠሩትን ጆርናሎች ዝርዝር ከዩኒቨርሲቲሽ የምርምር ክፍል ጠይቂ፣ ሳትልኪ በፊት። አንድ ጽሑፍ ለሁለት ጆርናል በአንድ ጊዜ መላክም ክልክል ነው፣ «የቀደመው ይቀበለኝ» ብለሽ እንዳትሞክሪው።

ደራሲዎቹንም አሁኑኑ ተነጋገሩ። ላብራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ ያጠበልሽን ልጅ አመስግኚው፣ ደራሲ ግን አያደርገውም። ባክቴሪያውን አብሮሽ የለየ፣ ውጤቱን የተረጎመና ረቂቁን አንብቦ ያረመ ከሆነ ግን ስሙ ይግባ። ቅደም ተከተሉን በኢሜይል ጽፈሽ ለሁሉም ላኪ። በዚህ የተጣሉ ጓደኛሞች አውቃለሁ።

የጥጃ እናት፦
ዛሬ ፎርሞቹን ከካርቶን አውጥቼ ወለል ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። 43 የደረቀ ጡት አለ። ቴሲሱ ውስጥ አንዱ ሠንጠረዥ 1,536፣ ሌላው 1,493 ይላል፣ እስከ ዛሬ ማንም አላየውም፣ እኔም ጭምር። አስተካከልኩት። ቀኖቹንም ቀየርኩ። አርን ጫንኩት፣ የበረት ቁጥር የሚል ዓምድ ግን ኤክሴሉ ላይ የለም፣ የባለቤቶቹ ስም ብቻ ነው ያለው፣ እሱም አንዳንዱ በሁለት ዓይነት ተጽፏል። ከነገ ጀምሮ እሱን እየለየሁ ቁጥር እሰጣለሁ።

ቁጥር ይናገር፦
ስሞቹን በቁጥር ከተካሽ በኋላ ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልኪ የስም ዓምዱን አጥፊው። ሞዴሉ አልሄድ ካለሽ እዚሁ ጻፊ፣ ማታ ማታ እገባለሁ።