የካም ሰንሰለት ቴንሽነር፦ ጥፋቱ የሱ ነው ወይስ የሰንሰለቱ?

ጥያቄ
ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ የሆነ የቆየ ሞተር ሳይክል አለኝ። ሞተሩ ሳይሞቅ በሚኒሞ ሲሠራ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት ባለበት በኩል የመንቀጫቀጭ ድምፅ ይሰማል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይጠፋል። የቫልቭ ክፍተቱን በመመሪያው መሠረት ባስተካክልም ለውጥ አላየሁም። ሰንሰለቱን የሚወጥረው ቴንሽነር በጥርስ እየተራመደ ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ሲሆን፣ አንድ መካኒክ ሞላውን ስቦ በማስረዘም እንዲያጠነክረው ሐሳብ አቅርቦልኛል። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይ ክዳን) ሳልከፍት ጥፋቱ የት እንዳለ የማረጋገጥበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ
አለ። በመጀመሪያ ድምፁን ይለዩት፦ ክፍተቱ የበዛ ቫልቭ ቀጭንና ያልተዛባ ምት ሲኖረው፣ የላላ ሰንሰለት ግን ያለ ሥርዓት ይንቀጫቀጫል፤ ነዳጁን ድንገት ሲለቁትም ይብሳል። ቀጥሎ ፒስተኑን በመጭመቅ ምት የላይኛው ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች እንደተዘጉ ያቁሙት። ቴንሽነሩን ሲፈቱ አስቀድመው የመሀሉን ብሎን ከነሞላው ያውጡ፣ አካሉን የያዙትን ብሎኖች ከዚያ በኋላ ይፍቱ። ይህ ቅደም ተከተል ዋናው ነገር ነው፤ ሞላው ቀድሞ ካልወጣ የቴንሽነሩ ገፊ ዘንግ በመፈታት ላይ ሳለ ወደ ፊት ስለሚዘል፣ በሥራ ላይ ምን ያህል ወጥቶ እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ዘንጉን ወደ ውስጥ ከመመለስዎ በፊት የቀሩትን ጥርሶች ይመልከቱ። እስከ መጨረሻው ተቃርቦ ከሆነ ሰንሰለቱ ረዝሟል ወይም ጋይዱ (ሰንሰለቱ የሚንሸራተትበት ባለ ጎማ መደገፊያ) ተበልቷል ማለት ነው። ገና ብዙ ጥርስ እያለው በአውራ ጣት ሲገፉት የሚመለስ ከሆነ ግን መያዣው አርጅቷልና ቴንሽነሩ ይቀየር።

ሌላ መልስ
ሞላ ማስረዘሙን አልደግፍም። በዚህ ዓይነት ቴንሽነር ሞላው ዘንጉን ወደ ፊት ያራምዳል እንጂ እንዳይመለስ የሚይዘው ጥርሱ ነው፤ ከልክ ያለፈ ሞላ የሚያተርፈው የጋይዱን ጎማ ቶሎ መፋቅ ብቻ ነው። ብሎኖቹን በከፊል አላልተው መልሰው አይሰሩ፤ በመሀል የተራመደው ዘንግ ሰንሰለቱን ከመጠን በላይ ይወጥረዋል። ቴንሽነሩ በወጣበት ጊዜ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) ማዞር ክልክል ነው፤ ሰንሰለቱ ጥርስ ዘልሎ ቫልቭና ፒስተን ሊያጋጭ ይችላል። ሲገጥሙ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ መልሰው፣ አካሉን በአዲስ ጋስኬት ካሰሩ በኋላ ሞላውንና ብሎኑን ያስገቡ። ከዚያ ክራንክሻፍቱን በመፍቻ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ 2 ሙሉ ዙር አዙረው የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ ምልክቶች መገጣጠማቸውን ሳያዩ ስታርተር አይንኩ።

በነገራችን ላይ፣ እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ያሉ ሞተሮች ቫልቭ የሚከፍቱት በግፊት ዘንግ ስለሆነ ይህ ምክር እነሱን አይመለከትም።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። በተባለው ቅደም ተከተል ፈታሁት፤ ዘንጉ አንድ ጥርስ ብቻ ቀርቶታል፣ በጣት ሲገፋ ግን ንቅንቅ አይልም። በዘይት ማጣሪያው ወንፊት ላይም ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ አግኝቻለሁ።

መልስ
እንግዲያው ቴንሽነሩ ጤነኛ ነው፤ ፍርፋሪው ከጋይዱ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ቴስታታውን ከመክፈት አያመልጡም። ሰንሰለቱንና ሁለቱንም ጋይዶች አብረው ይቀይሩ፤ የካምሻፍቱ ጥርስ ጫፉ ሾሎ ወይም ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ከሆነ እሱም ይቀየር፣ አለዚያ አዲሱን ሰንሰለት ቶሎ ይበላዋል። ፍርፋሪው የዘይቱን መንገድ እንዳይዘጋ ወንፊቱን አጥበው ዘይቱንም ይለውጡ።