የአባቴ ምላስ ላይ ያለው ቁስል አልድን አለ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ምላሱ ጎን ላይ ቁስል ከወጣበት 5 ሳምንት አለፈው። «የተሰበረው ጥርሴ ነው የሚፍቀኝ፣ ይድናል» ይላል። በጨው ውሃ ተጉመጠመጠ፤ ለውጥ የለም።

ትናንት ማታ በስልኬ መብራት አየሁት። ምስር ያህላል። ዳር ዳሩ ነጣ ብሎ መሃሉ ቀልቷል፤ ስነካው ጠጠር ይላል። በጣም ያስፈራኝ ግን አለማመሙ ነው። በርበሬ ሲነካው ብቻ ትንሽ ያቃጥለዋል።

ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስል በሐኪም መታየት አለበት፤ የአፍ ካንሰር ሲጀምር ሕመም ላይኖረው ይችላል። አባቴ ደግሞ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጨሳል፤ አረቄም ይወዳል። ሁለቱ ሲደራረቡ አደጋው ይብሳል።

አንድ ክሊኒክ ወስጄው ነበር። አፉን በደንብ እንኳ ሳያዩ ማጉመጥመጫ ሰጥተው መለሱን። አሁን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ልወስደው ነው። መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ይየው ወይስ ከአንገት በላይ (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ) ሐኪም? ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ቢመረመር ውጤቱ ስንት ቀን ይፈጃል? ደግሞስ ካንሰር የሚለውን ቃል ሳልጠራ እንዴት ላሳምነው? ሆስፒታል ስለው ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ይላል። በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።