የተማርኩበት ሃይስኩል ላስተምር ልገባ ነው፤ ያለፋችሁበት ምከሩኝ

ፊዚክስ_ከወሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ሥልጠና) በ2009 ጨርሼ ከቤተሰብ ራቅ ያለ ወረዳ ተመደብኩ፤ እስካሁንም እዚያው ፊዚክስ ሳስተምር ቆየሁ። በየዓመቱ ዝውውር እሞላለሁ፣ በየዓመቱ አይሳካም። ዘንድሮ ተሳካ። የደረሰኝ ትምህርት ቤት ደግሞ ራሴ ከ9ኛ እስከ 12ኛ የተማርኩበት ነው፣ ደቡብ ወሎ ውስጥ። ስሙ ይቅር፤ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ወዲያው ይታወቃል።

ደስ ብሎኛል። እናቴ ብቻዋን ናት፣ የቤት ኪራይም ይቀርልኛል። ትምህርት ቤቱም ሰው ይፈልጋል። በ2014 ጦርነቱ ሲደርስ ቤተ ሙከራው ተዘርፎ ነበር፤ ባለፈው ወረቀቴን ላስገባ ስሄድ ከፍተው አሳዩኝ። መደርደሪያዎቹ ላይ የመሣሪያዎቹ ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች እስከዛሬ እንደተለጠፉ ናቸው። አሜትር፣ ቮልትሜትር፣ ፕሪዝም ይላሉ። ወረቀቱ አለ፣ ዕቃው የለም። የእጅ ጽሑፉን ሳየው ወዲያው ለየሁት፤ ፊዚክስ ያስተማሩኝ መምህር ጽሑፍ ነው።

የጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው። እኚሁ መምህር አሁን የዲፓርትመንታችን ኃላፊ ናቸው። ፊዚክስን ያስወደዱኝ እሳቸው ናቸው፣ በጎማ የገረፉኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬም ሳያቸው ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ነገ ስብሰባ ላይ ሐሳባቸው ባይዋጥልኝ እንዴት ነው አልስማማም የምላቸው?

ሌላው የዘመድና የጎረቤት ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ናት፣ የሰፈር ልጆችም ሞልተዋል። ገና ሥራ ሳልጀምር አንዲት ጎረቤታችን እናቴን "እንግዲህ ልጅሽ መጣልን" ብለዋታል። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተማሪዎቹም የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ በቤት ስሜ የሚጠሩኝ ሁሉ አሉ። ክፍል ውስጥ በምን ሁኔታ ነው የምቆመው?

ስለ ደሞዝ ማነስ እባካችሁ እዚህ አናውራ፣ እሱን ሁላችንም እንኖረዋለን። በተማረበት ትምህርት ቤት ያስተማረ ካለ ያየውን ይንገረኝ።

የሒሳብ_መምህርት

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔም አርሲ ውስጥ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው ሒሳብ የማስተምረው፣ ቆይቻለሁም።

ከዘመዱ ልጀምር፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚደርስብህ እሱ ነው። ትምህርት ሳይጀመር፣ ሴክሽን ሲደለደል፣ ዩኒት ሊደሩ (የክፍሎቹን ሥራ የሚያስተባብረው መምህር) ጋ ሂድና የአክስትህን ልጅ ሴክሽን እንዳይሰጡህ በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል አይሁን። ምክንያቱን ጻፍ፣ ቀን አድርግበት፣ ኮፒ ያዝ። 10ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚይዝ ሌላ ሰው ከሌለና ማምለጫ ካጣህ የሷን ወረቀት የሥራ ባልደረባህ ያርምልህ። ሚድና ፋይናሉ በዲፓርትመንት በጋራ የሚወጣ ከሆነ ብዙም አያስቸግርህም። ጣጣው ያለው ተከታታይ ምዘናው ላይ ነው፤ አሳይመንቱ፣ የቡድን ሥራው፣ ተሳትፎ የምንለው። "ሁለት ማርክ ብትጨምርላት ምን ይጎድልብሃል" የሚሉህ እዚያ ላይ ነው። እኔ እያንዳንዱን ውጤት በሳምንቱ ለተማሪው አሳይቼ ማርክ ሊስቱ ላይ አስፈርማለሁ። ከተፈረመ በኋላ አጎትም ይምጣ ቄስ፣ የሚቀየር ነገር እንደሌለ ከተማው አውቆታል።

አክስቴ በዚህ ነገር ቤቴ መምጣት ትታ ነበር። ፋሲካ ላይ ነው የታረቅነው። ልጇን ግን ክረምቱን በሙሉ ቁጭ አድርጌ አስጠንቻታለሁ። ይህን ለቤተሰብ ቀድመህ ንገራቸው፦ ማርክ አልሰጥም፣ ማስጠናት ግን በፈለጋችሁት ሰዓት። እናትህም ለጎረቤቷ የምትመልሰው ነገር ታገኛለች፣ አለበለዚያ መሐል ላይ የምትጎዳው እሷ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። እዚያ ስለተማርክ ትምህርት ቤቱን የምታውቀው ይመስልሃል። አንተ የከተማ ልጅ ነህ፣ ምሳህን ቤትህ ገብተህ ትበላ ነበር። ከገጠር የሚመጣው ልጅ ግን ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ራሱ አብስሎ ነው የሚማረው። ቅዳሜ በእግሩ አገሩ ይገባል፣ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ሐሙስ ካለቀ ዓርብ ክፍል አይመጣም። አብሬያቸው ስማር ይህን አላየሁም። መምህርት ሆኜ አቴንዳንስ ስይዝ ነው ዓርብ ዓርብ የሚቀሩት ሁልጊዜ እነዚያው ልጆች መሆናቸው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ቀን ፈተና አልፈትንም፣ አሳይመንትም አልቀበልም። "ሰነፎች ናቸው" የሚል ባልደረባ ታገኛለህ፤ አትስማው፣ ሄደህ ቤታቸውን እይ።

ስለ ቤት ስምህ አትጨነቅ። ክፍል ውስጥ ቲቸር ይሉሃል፣ ሰፈር ውስጥ እንደለመዱት ይጥሩህ። ልጆቹ ራሳቸው ቶሎ ይለዩታል።

ሸገር_ያለሁ

እኔ ግን አትሂድ ነው የምልህ። የተወለድክበት ከተማ ደሞዝተኛ ሆነህ ስትመለስ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ዕድሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያው ሁሉ መጀመሪያ አንተ ጋ ነው የሚመጣው። ኪራይ ቀረልኝ ያልከው ብር በዚያ ይወጣል።

ከብሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልጆቹ ናቸው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው የሚያስተምር ሰው ምን አዲስ ነገር ያሳያቸዋል? እኔን ሰው ያደረገኝ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነው። አነጋገሩ ሌላ፣ የሚያነበው ሌላ፣ ስለ አገሩ የሚነግረን ሌላ። ከከተማችን ውጭ ኑሮ እንዳለ ያወቅኩት በሱ ነው። አንተም አሁን ባለህበት ወረዳ ለአንዳንድ ልጅ እንደዚያ ሆነህ ይሆናል፣ ጥለሃቸው ስትሄድ አስብበት።

ፍሬሽ_ተማሪ

@ሸገር_ያለሁ በዚህ አልስማማም። እኛን 12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማረን እዚያው የተማረ ልጅ ነው። ወጥቶ፣ ጊቢ ገብቶ፣ ሠርቶ ነው የመጣው፤ ስለ ውጭው የሚነግረን ነገር አላጣም። እንዲያውም ከውጭ የመጡት መምህራን ብዙዎቹ ዝውውር እስኪሞላላቸው ነበር የሚጠብቁት። አንዱ በዓመቱ መሐል ሄደ፣ ምትክ እስኪመጣ ያለ ባዮሎጂ ቆየን። የኬሚስትሪው መምህራችን ግን የትም እንደማይሄድ እናውቅ ነበር።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን የሚያቅተንን ነገር ቀድሞ ማወቁ ነው። 9ኛ ክፍል ስንገባ ከአማርኛ በቀር ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ የት ላይ እንደምንጠፋ ያውቃል፣ እሱም እዚያው ስለጠፋ። መጀመሪያ ሐሳቡን በአማርኛ ያስይዘናል፣ ከዚያ ቴክስቱን አስከፍቶ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ራሳችንን ያስነብበናል። በአማርኛ ብቻ አስረድተው የሚወጡ ነበሩ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ጽፈው የሚወጡም ነበሩ። ሁለቱም ፈተና ላይ አልጠቀሙንም።

ደግሞ የ12ኛ ፈተና በ2015 ዩኒቨርሲቲ መሰጠት ስለጀመረ እኛም እዚያ ሄደን ነው የተፈተንነው። ለብዙዎቻችን ከወረዳችን ስንወጣ የመጀመሪያችን ነበር። እሱ ከመሄዳችን በፊት አስቀምጦ በር ላይ ፍተሻው እንዴት እንደሆነ፣ ዶርም ምን እንደሚመስል፣ ካፌ ሰልፉን፣ ማታ መብራት ባይኖር ምን እንደምናደርግ ሁሉ ነገረን። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ማታውን ሲያለቅሱ ያደሩ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ መፈተን ሲጀመር በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈተነው 3.3 በመቶ ብቻ ነው፤ በኛ ጊዜ፣ በ2016፣ 5.4 ደረሰ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ1,300 በላይ ነበሩ። እኛ ያለፍነው በጣት የምንቆጠር ነን፣ ግን አለን። ስለዚህ ወንድሜ ሂድ።

ጡረተኛ_መምህር

ልጄ፣ እኔ የወዲያኛው ወገን ነኝ። በደርግ ጊዜ ከኮተቤ ተመርቄ በድልድል የደረሰኝ ከተማ ሄድኩ፣ ጡረታም የወጣሁት እዚያው ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች ተመልሰው አብረውኝ ሠርተዋል። ስለዚህ ኃላፊህ ምን ሊሰማቸው እንደሚችል ልንገርህ።

አንተን ይፈሩሃል። አንድ መምህር ሳይዘጋጅ የገባበትን ቀን፣ ዘሎት ያለፈውን ምዕራፍ፣ የተቆጣበትን ጊዜ የሚያውቀው ተማሪው ነው። ያ ተማሪ መምህራን ማረፊያ ገብቶ አጠገብህ ሻይ ሲጠጣ ከባድ ነው። እኔ የመጀመሪያው ልጅ ሲመጣ አንድ ሴሚስተር ያህል ከሰላምታ ያለፈ አላወራሁትም። ኩራት መስሎት ነበር። ፍርሃት ነበር።

ሁለተኛው ነገር። የተማርክበትን ዓመት ሳሰላው በፕላዝማው፣ ማለት ትምህርቱ በቴሌቪዥን ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ነው። ፕላዝማው በ1997 አካባቢ ሲገባ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ እየተዘጋጀ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ ለኛ የቀረችልን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት። ልጁ አልገባኝም ብሎ እጁን ሲያወጣ ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም። መብራት ከጠፋ ክፍለ ጊዜው ባከነ። ስንት ዘመን ጠመኔ ይዞ የኖረ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ እንደ ተማሪው ስክሪን ሲመለከት ይውል ነበር። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ብዙዎቹ መምህሮቻቸው በደንብ ሲያስተምሩ ለማየት ዕድል አላገኙም። አንተ እንኳ ፊዚክስን በእሳቸው ከወደድክ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ነው ያስወደዱህ። ስለዚህ ስለ ሌሎቹም መምህሮችህ ከዚያን ጊዜ የያዝከውን ግምት ይዘህ አትግባ። አስፈቅደህ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀመጥና አዳምጣቸው።

የግርፋቱን ነገር፣ ሽማግሌ ናቸውና ተወው አልልህም። ጥፋት ነበር። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ሲጸድቅ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ብሏል፤ አንተ ስትገረፍ ሕጉ ነበር። ልታነሳባቸው ከፈለግህ ብቻቸውን ሲሆኑ አንሳ፣ ሰው ፊት አይሁን። ባታነሳም መብትህ ነው። ነገር ግን ዛሬም የሚገርፉ ከሆነ ዝም አትበል፣ መጀመሪያ ለራሳቸው፣ ካልሆነ ለርዕሰ መምህሩ ንገር። ወላጆችም "ግረፍና አስተምርልኝ" ብለው ልጃቸውን ያመጡልሃል፣ በተለይ የሚያውቁህ። ያን ጊዜ "አስተምረዋለሁ፣ አልገርፈውም" በላቸው። ከአካባቢው ልጅ አፍ ሲወጣ ይሰሙታል፤ ከውጭ የመጣ ሰው ቢላቸው "ባህላችንን አያውቅም" ብለው ያልፉታል።

ስብሰባውን በተመለከተ "እርስዎ" እያልክም መቃወም ትችላለህ። ከስብሰባው በፊት ቢሯቸው ገብተህ ሐሳቡን ንገራቸው፣ ሰው ፊት ድንገት አይድረሳቸው። ካልተስማሙ ስብሰባው ላይ በግልጽ ተናገርና ቃለ ጉባኤው ላይ አስይዝ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ቤተ ሙከራው ይሁን። የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና የባትሪ አምፖል ከሱቅ ገዝታችሁ የ10ኛ ክፍልን የኤሌክትሪክ ሙከራዎች መጀመር ትችላላችሁ። ከእሳቸው ጋር አብረህ ስትሠራ የምታወሩት አታጡም።

ፊዚክስ_ከወሎ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የፕላዝማውን ነገር በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። እውነትዎን ነው፣ ቴሌቪዥኑ ሲያልቅ ቶሎ ቶሎ እያሉ ሰሌዳ ላይ የሚያስረዱን እሳቸው ነበሩ፤ ደወል ተደውሎ እንኳ ጠመኔያቸውን አያስቀምጡም ነበር። ሰኞ ቢሯቸው እሄዳለሁ። ስለ ግርፋቱ አነሳለሁ አላነሳም ገና አልወሰንኩም።

@ሸገር_ያለሁ አሁን ያለሁበት ወረዳ ስላሉት ልጆች ያልከው ከብዶኛል። ምትክ ሳይመጣ እንዳልለቅ ጽፌ ጠይቄያለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው።

እህቴ የሒሳቧ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ሴክሽኑ የሚጻፈው ደብዳቤ ለማን ነው የሚሆነው? ደግሞ ገና አዲስ ገብቼ ሥራ የምመርጥ አያስመስለኝም ወይ?

የሒሳብ_መምህርት

ለዩኒት ሊደሩ ጻፈው፣ ግልባጭ ለርዕሰ መምህሩና ለዲፓርትመንቱ። በምትኩ ሌላ ሴክሽን ለመውሰድ ፈቃደኛ መሆንህን እዚያው ላይ ጨምርበት፣ ያን ጊዜ ሥራ ሸሸ የሚልህ አይኖርም። ድልድሉ ከመውጣቱ በፊት ግን አድርሰው፤ ከወጣ በኋላ አንድ ፔሬድ ለማዛወር እንኳ የሁሉም ፕሮግራም ይነካል፣ እሺ አይሉህም።